የፖስታ ቤቱ የአድራሻ ቅየራ፦ ምን ያደርሳል፣ ምን ያስቀራል

አሜሪካ ውስጥ ሥራ ቀይሮ ከአንድ ስቴት ወደ ሌላ የሚዛወር ሰው ከሚያገኛቸው አገልግሎቶች ሁሉ ርካሹ የፖስታ ቤቱ የአድራሻ ቅየራ ነው፤ ወደ ድሮው ቤት የሚላከውን ደብዳቤ ወደ አዲሱ ያዞራል። በኦንላይን ለሚሞላ ማንነት ማረጋገጫ ተብሎ ከአንድ ዶላር ጥቂት ሳንቲም ከፍ ያለ ሂሳብ ከካርዱ ይቆረጣል። ፖስታ ቤት ሄዶ መታወቂያ አሳይቶ 3575 የተባለውን ፎርም ለሚሞላ ደግሞ ጭራሽ ነጻ ነው። ለዚህ ዋጋ ሥራው ከሚጠበቀው በላይ ነው። ጣጣው ሰው ከዚያም በላይ ስለሚጠብቅበት ነው። «አድራሻዬን ፖስታ ቤት ቀይሬያለሁ» ብሎ እጁን አጣጥፎ የተቀመጠ ሰው ከወራት በኋላ ያልደረሰ ግሪን ካርድ፣ የጠፋ የጡረታ ቼክና የታርጋ ቅጣት ሲፈልግ ይገኛል።

መጀመሪያ ስለ ክፍያው አንድ ነገር። ፍለጋ ላይ «አድራሻ መቀየር» ብሎ የጻፈ ሰው ከላይ የሚያገኘው ብዙ ጊዜ ማስታወቂያ ነው። የፖስታ ቤቱን ቀለምና ንስር የሚመስል ምስል ለጥፈው 40 ዶላርና ከዚያም በላይ የሚያስከፍሉ ድረ ገጾች አሉ። አንዳንዶቹ ገንዘቡን ተቀብለው ፎርሙን ይልኩላችኋል፣ አንዳንዶቹ እሱንም አያደርጉም። ትክክለኛው አድራሻ በነጥብ «ጎቭ» ወይም በፖስታ ቤቱ በራሱ ስም «ዩኤስፒኤስ ነጥብ ኮም» የሚያልቅ ብቻ ነው። ከሁለት ዶላር በላይ ከተጠየቃችሁ ገጹን ዝጉት።

ኦንላይኑ ላይ ሰው የሚጣበቅበት ቦታ ካርዱ ነው። የክሬዲት ወይም የዴቢት ካርዱ የቢል አድራሻ ከድሮው ወይም ከአዲሱ አድራሻችሁ ጋር መመሳሰል አለበት። ባንክ ውስጥ የተመዘገበው የዘመድ ቤት ወይም የፖስታ ሳጥን ከሆነ ሥርዓቱ ይመልሳችኋል፣ ምክንያቱንም በቅጡ አይናገርም። የአፓርታማ ቁጥር መዘለሉም እንዲሁ ያስቀራል። ደጋግሞ ከመሞከር መታወቂያ ይዞ ፖስታ ቤት መሄድ ይሻላል።

ፎርሙ ላይ ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው ግን «ግለሰብ» ወይስ «ቤተሰብ» የሚለው ምርጫ ነው። ፖስታ ቤቱ «ቤተሰብ» የሚለው የመጨረሻ ስማቸው አንድ የሆኑትን ብቻ ነው። ይህ ሐሳብ የተሠራው ባልና ሚስት፣ ልጆችም በአንድ የቤተሰብ ስም ለሚጠሩበት አገር ነው፤ የእኛ ስም እንደዚያ አይሄድም። አባት ከበደ ተሰማ፣ እናት አልማዝ ወልዴ፣ ልጆች ሳራ ከበደና ዮናስ ከበደ ቢባሉ፣ ለአሜሪካ ፎርም ይህ አንድ ቤተሰብ ሳይሆን ሦስት ነው፦ ተሰማ፣ ወልዴ፣ ከበደ። አባት በራሱ ስም «ቤተሰብ» ብሎ አንድ ፎርም ሞልቶ ቢገላገል የሚዛወረው የራሱ ደብዳቤ ብቻ ነው። የእናትየዋ የባንክ ደብዳቤና የልጆቹ የክትባት ወረቀት በድሮው ሳጥን ውስጥ ይቀራል፣ አዲስ ተከራይም ሲመጣ ወደ ቆሻሻ ይሄዳል። ስለዚህ ሦስት ፎርም ይሞላል፦ ለአባት፣ ለእናት፣ ለልጆቹ በጋራ። በኦንላይን ከሆነ ሦስት ጊዜ ይከፈላል፣ አሁንም ከአራት አምስት ዶላር አይዘልም።

ሁለተኛው የስም ጣጣ ፊደሉ ነው። ጸሐይ የሚለው ስም በእንግሊዝኛ በአራት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፤ ባንኩ አንዱን፣ የድሮው መሥሪያ ቤት ሌላውን ይዞ ይሆናል። ደብዳቤ የሚለየው ማሽን ነው፣ ማሽኑም የሚያነጻጽረው ፊደል ነው። ከመሞላቱ በፊት ባለፉት ሁለት ወራት የመጡትን ፖስታዎች ደርድሮ ስማችሁ በስንት ዓይነት እንደተጻፈ ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በጣም የተራራቀ አጻጻፍ ካለ ለእሱም የራሱን ፎርም መሙላት ነው።

ፎርሙን ከመነሻችሁ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀደም ብላችሁ አስገቡ፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ፖስታ ቤቱ ራሱ ደብዳቤ መዞር እስኪጀምር ከ7 እስከ 10 የሥራ ቀን ሊወስድ ይችላል ይላል። ቅየራው ሲመዘገብ ለድሮው አድራሻ ማረጋገጫ ደብዳቤ ይላካል፣ ለአዲሱም እንዲሁ። ያላዘዛችሁት የቅየራ ማረጋገጫ ድንገት ቤታችሁ ከመጣ ግን ዝም አትበሉ፤ ሌላ ሰው ፖስታችሁን ወደ ራሱ እያዞረ ሊሆን ይችላል። አዲሱ አድራሻ የሚደርሰው ደብዳቤ ላይ ያለውን የማረጋገጫ ቁጥር አስቀምጡት። ቀኑን ለማስተካከል ወይም ቅየራውን ለመሰረዝ የሚጠየቀው እሱ ነው።

ምን ምን ይዞራል? አንደኛ ደረጃ ደብዳቤና የፕራዮሪቲ ጥቅል 12 ወር በነጻ ይዞራል። መጽሔትና ጋዜጣ 60 ቀን ብቻ። የማስታወቂያ ወረቀት በአብዛኛው አይዞርም፣ ማንም አያዝንለትም። ዩፒኤስ፣ ፌዴክስና የአማዞን ማመላለሻ የፖስታ ቤት ስላልሆኑ በዚህ ምዝገባ አያውቋችሁም። «ጊዜያዊ» የሚለውን የመረጠ ሰው ከ15 ቀን ያላነሰ፣ ከ6 ወር ያልበለጠ ጊዜ ያገኛል፣ ሲጨርስ እስከ አንድ ዓመት ማራዘም ይቻላል። ለሥራ የሄደና ኪራዩን የለቀቀ ሰው «ቋሚ» ይምረጥ።

አሁን ብዙዎች የማያውቁትን እንንካ። ፖስታው ፊት ላይ «ሪተርን ሰርቪስ ሪኩዌስትድ» የሚል መስመር የታተመበት ደብዳቤ፣ አድራሻ ቢቀየርም ባይቀየርም አይዞርም። አዲሱ አድራሻችሁ ተለጥፎበት ወደ ላኪው ይመለሳል። ይህን መስመር የሚያትሙት ደግሞ በተሳሳተ እጅ እንዲገባ የማይፈልጉት ላኪዎች ናቸው፦ የባንክ ካርድ፣ የመንግሥት ካርድ፣ አንዳንድ ቼክ። በሌላ አነጋገር፣ አገልግሎቱ የሚከዳችሁ በጣም በምትፈልጉት ደብዳቤ ላይ ነው። ይህ የፖስታ ቤቱ ጥፋት አይደለም፣ የላኪው ትእዛዝ ነው።

ከዚሁ ጋር «ኢንፎርምድ ዴሊቨሪ» የሚባል ነጻ አገልግሎት አለ፤ ወደ ሳጥናችሁ የሚመጣውን የደብዳቤ ፊት ፎቶ በየጠዋቱ በኢሜይል ይልካል። በጣም ጥሩ ነገር ነው፣ በተለይ ለጋራ ፖስታ ሳጥን። ግን በአድራሻ የታሰረ ስለሆነ ከአዲሱ ቤት እንደገና ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በድሮው አካውንት ይቀጥላል ብሎ መተው አይሠራም።

ወደማይደርስበት እንሂድ። መጀመሪያ ኢሚግሬሽን።

ዜጋ ያልሆነ ነዋሪ፣ ግሪን ካርድ ያለውም ሆነ ጉዳዩ በመታየት ላይ ያለ፣ አድራሻ በቀየረ በ10 ቀን ውስጥ ለኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ ለዩኤስሲአይኤስ ማሳወቅ አለበት። ለፖስታ ቤት ማሳወቅ ይህን አይተካም። ኤአር-11 የሚባለው ፎርም በመሥሪያ ቤቱ ድረ ገጽ ላይ በአካውንት ይሞላል፣ ክፍያ የለውም፣ ሩብ ሰዓት አይወስድም። ከመንግሥት ኦንላይን አገልግሎቶች መሀል ከሚመሰገኑት አንዱ ነው። አንድ ስህተት ግን ይደጋገማል፦ በመታየት ላይ ያለ ማመልከቻ ያለው ሰው የደረሰኝ ቁጥሩን ሳያስገባ አድራሻውን ብቻ ይቀይርና ይወጣል። ያኔ ሕጉ የሚጠይቀው ተሟልቷል፣ ፋይሉ ላይ ያለው አድራሻ ግን የድሮው ነው። የአሻራ ቀጠሮ የሚላከው ደግሞ ፋይሉ ላይ ወዳለው ነው። ስንት ማመልከቻ ካለ የሁሉንም ቁጥር ማስገባትና የማረጋገጫውን ገጽ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ጉዳዩ የኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት የሆነበት ሰው የሚሞላው ሌላ ነው፤ ኢኦአይአር-33 ይባላል፣ የጊዜ ገደቡም 5 ቀን ብቻ ነው። የፍርድ ቤት ቀጠሮ በድሮ አድራሻ ተልኮ ሰውየው ባይቀርብ በሌለበት ሊወሰንበት ስለሚችል ከዚህ ሁሉ ዝርዝር ቀዳሚው እሱ ነው፤ ከዕቃ ማሸግም ይቀድማል።

ዜጋ የሆናችሁ «እኔን አይመለከተኝም» ከማለታችሁ በፊት አንድ ጥያቄ፦ ለወላጅ፣ ለባል፣ ለሚስት ወይም ለወንድም የስፖንሰርነት ፎርም ፈርማችኋል? አይ-864 የፈረመ ሰው አድራሻ ሲቀይር በ30 ቀን ውስጥ አይ-865 መላክ አለበት። ይህን የሚያስታውስ በጣም ጥቂት ነው። ግዴታው የመጣው ዘመድ ዜጋ እስኪሆን ወይም 40 የሥራ ሩብ ዓመት እስኪሞላለት ድረስ ይቀጥላል፤ ፍቺ እንኳ አያቋርጠውም። ከ18 እስከ 25 ዓመት ያለ በሴሌክቲቭ ሰርቪስ (ለወታደራዊ ምልመላ) የተመዘገበ ወንድ ልጅ ካለም አድራሻውን በ10 ቀን ውስጥ ማሳወቅ የእሱ ድርሻ ነው።

ሁለተኛው መንጃ ፈቃድና መኪና ነው። ከሁሉ በላይ ጊዜና ገንዘብ የሚበላው ይህ ነው፣ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይም የጎረቤት ምክር አይሠራም። ቴክሳስ ለመንጃ ፈቃድ 90 ቀን ይሰጣል፣ ለመኪናው ግን 30 ብቻ። ቨርጂኒያ ለመንጃ ፈቃድ 60፣ ለመኪና 30። ሜሪላንድ ለሁለቱም 60። ዋሽንግተን ስቴትና ጆርጂያ 30። ካሊፎርኒያ ነዋሪ ከሆናችሁበት ጀምሮ ለመንጃ ፈቃድ 10፣ ለመኪና 20 ቀን። በአንዳንድ ቦታ የመኪናው ቀን ከመንጃ ፈቃዱ ቀድሞ እንደሚያልቅ ልብ በሉ። ሰው ግን ሁልጊዜ በመንጃ ፈቃዱ ይጀምርና መኪናውን ይረሳል። የጭነት መኪና የሚነዱ ደግሞ የስቴቱን የተለመደ ቀን መከተል አይችሉም፤ ሲዲኤል (የንግድ መንጃ ፈቃድ) በፌዴራል ሕግ በ30 ቀን ውስጥ ወደ አዲሱ ስቴት መዛወር አለበት። አንዱ የሌላውን የነርስ ፈቃድ ለመቀበል ከተስማሙ ስቴቶች ከአንዱ ወደ ሌላው የሄደች ነርስም በ60 ቀን ውስጥ በአዲሱ ስቴት ማመልከት አለባት፤ በድሮው ፈቃድ ዝም ብላ መቀጠል አትችልም።

ሪል አይዲ (የፌዴራሉን መስፈርት ያሟላ መታወቂያ) ከሜይ 2025 መጀመሪያ ጀምሮ ለአገር ውስጥ በረራ ስለሚጠየቅ አብዛኛው ሰው አዲሱን ፈቃድ በዚያው ደረጃ ማውጣት ይፈልጋል። ለዚህ ማንነት የሚያሳይ ሰነድ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥርና ሁለት የመኖሪያ ማስረጃ ይጠየቃል። አዲስ ለመጣ ሰው የሚከብደው የመጨረሻው ነው። በፖስታ ቤቱ የዞረላችሁ ደብዳቤ እዚህ አያገለግልም፦ አዲሱን አድራሻ የያዘ ቢጫ ወረቀት ተለጥፎበት ቢመጣም ውስጡ የታተመው የድሮው አድራሻ ነው። የሚያዋጣው የተፈረመ የቤት ውልና ቤት በገባችሁ ቀን የባንክ አድራሻ ቀይራችሁ የምታወጡት ስቴትመንት ነው። ስቴትመንት በወር አንድ ጊዜ ስለሚወጣ ባንኩን ያዘገየ ሰው ዲኤምቪውንም (መንጃ ፈቃድና ታርጋ ሰጪውን ቢሮ) በአንድ ወር ያዘገያል። መብራትና ኢንተርኔት በባል ስም ብቻ ከተከፈተ ሚስት ማስረጃ ታጣለች። ሁለቱ አገልግሎቶች አንዱ በእሱ፣ አንዱ በእሷ ስም ቢከፈቱ ነገሩ ይቀላል።

ስሙም እዚህ ተመልሶ ይመጣል። ፓስፖርቱ ላይ የአባት ስም ከራስ ስም ጋር ተያይዞ፣ የአያት ስም መጨረሻ ላይ የቆመላቸው፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ካርዳቸው ላይ ግን አያት የሌለ ሰዎች ብዙ ናቸው። የድሮው ስቴት አንድ ቀን አሳልፎት ይሆናል፣ አዲሱ ግን ላያሳልፈው ይችላል። መስኮቱ ላይ ከመከራከር ቀድሞ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሄዶ ስሙን ከኢሚግሬሽን ሰነዱ ጋር ማስማማት ይቀላል። እርማቱ ነጻ ነው።

መኪናው ብድር ካለበት ታይትሉ (የባለቤትነት ሰነዱ) በአበዳሪው እጅ ነው። አዲሱ ስቴት ታይትሉን ካላየ ታርጋ አይሰጥም፣ አበዳሪው ደግሞ ሰነዱን ለእናንተ ሳይሆን በቀጥታ ለዲኤምቪው ነው የሚልከው፣ ሳምንታትም ይፈጃል። ስለዚህ አበዳሪውን ከመንቀሳቀሳችሁ በፊት ደውሉለት። ሜሪላንድ የገባ መኪና ታይትል ለማግኘት ፈቃድ ባለው የሜሪላንድ መርማሪ የተሰጠ የደህንነት ምርመራ ያስፈልገዋል፣ ያ ወረቀት 90 ቀን ብቻ ያገለግላል። ከሌላ ስቴት የተሰጠ ምርመራ አይቆጠርም።

ቅጣት የሚያመጣው ቅደም ተከተል ይህ ነው፦ ሰው አዲስ ኢንሹራንስ ይገዛል፣ በማግስቱ የድሮውን ይሰርዛል፣ የድሮው ታርጋ ግን አሁንም በስሙ አለ። የድሮው ስቴት ኮምፒውተር ይህን «ኢንሹራንስ የሌለው መኪና» ብሎ ያነበዋል። ሜሪላንድና ኒው ዮርክን የመሳሰሉ ስቴቶች በዚህ ይቀጣሉ። ትክክለኛው አካሄድ አዲስ ኢንሹራንስ፣ አዲስ ታርጋ፣ የድሮውን ታርጋ መመለስና ደረሰኝ መያዝ፣ ከዚያ በኋላ የድሮውን ኢንሹራንስ መሰረዝ ነው። ኢዚ-ፓስ (የመንገድ ክፍያ መሣሪያ) ያላችሁም አዲሱን የታርጋ ቁጥር አካውንቱ ላይ አስገቡ። መሣሪያው ሳይነበብ ሲቀር ካሜራው የሚፈልገው ታርጋውን ነው፣ ቢሉ ደግሞ የድሮው ቤት ሄዶ ቅጣት እየወለደ ይቀመጣል።

የሥራው ወረቀት ከዚህ ሁሉ ቀለል ይላል፣ ቀኖቹ ግን ጠባብ ናቸው። አይ-9 (የመሥራት ፈቃድ ማረጋገጫው ፎርም) ላይ የእናንተ ክፍል በመጀመሪያው የሥራ ቀን መሞላት አለበት፤ ሰነዱን አሠሪው ሥራ ከጀመራችሁ በ3 የሥራ ቀን ውስጥ ያያል። የአሜሪካ ፓስፖርት ወይም ግሪን ካርድ ብቻውን ይበቃል። ከሌለ መንጃ ፈቃድና ሶሻል ሴኩሪቲ ካርድ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። ምን ሰነድ እንደምታሳዩ የምትመርጡት እናንተ ናችሁ እንጂ ኤች አር አይደለም። የሠራተኛውን መረጃ ከመንግሥት መዝገብ ጋር የሚያነጻጽረውን ኢ-ቬሪፋይ የሚጠቀም መሥሪያ ቤት ከሆነና «አልተዛመደም» የሚል መልስ ከመጣ፣ ብዙ ጊዜ ከዚያው ከስሙ ጋር የተያያዘ ነው። ሠራተኛው ለመንቀሳቀስ 8 የፌዴራል የሥራ ቀን አለው፣ በዚያ ጊዜ ውስጥም ከሥራ ሊያባርሩት አይችሉም።

የስቴት ታክስ እንዴት እንደሚቆረጥ በመጀመሪያው ፔይ ስታብ (የደሞዝ ወረቀት) ላይ መታየት አለበት። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ መሀል ስምምነት ስላለ ደሞዝ የሚታክሰው በሚሠራበት ሳይሆን በሚኖርበት ቦታ ነው። ከሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግ ወደ ቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ የተዛወረ ሰው አርሊንግተን ቢሠራም ባይሠራም ከተዛወረበት ቀን ጀምሮ ታክሱ ለቨርጂኒያ ነው። ለዚህ ከደሞዝ የሚቆረጠውን ታክስ የሚወስነውን የቨርጂኒያ ፎርም፣ ቪኤ-4ን፣ መሙላት አለበት። ቴክሳስ፣ ፍሎሪዳ፣ ኔቫዳ፣ ዋሽንግተን፣ ቴነሲ፣ ኒው ሃምሻየር፣ ሳውዝ ዳኮታ፣ ዋዮሚንግና አላስካ ከደሞዝ ላይ የስቴት ታክስ አይቆርጡም። ከሜሪላንድ ወደ ዳላስ ሄዶ በሦስተኛው ወር አሁንም «ኤምዲ» የሚል መስመር ስታቡ ላይ ያየ ሰው ያንኑ ቀን ለፔይሮል ክፍሉ ይጻፍ፤ ዓመቱ ካለፈ በኋላ ማስተካከሉ ማመልከቻ ነው፣ አሁን ግን አንድ ኢሜይል ነው።

የድሮው መሥሪያ ቤት ፖርታል እንዳይዘጋባችሁ ከመልቀቃችሁ በፊት ሦስት ነገር አድርጉ፦ የዓመቱን ፔይ ስታብ ሁሉ አውርዱ፣ አዲሱን አድራሻ አስገቡ፣ የኢሜይል አድራሻውንም ከመሥሪያ ቤቱ ወደ ግላችሁ ቀይሩ። ደብልዩ-2 (የዓመቱ ደሞዝና ታክስ ማስረጃ) እስከ ጃንዋሪ 31 መላክ አለበት፤ የድሮው አሠሪ የሚልከው በእጁ ወዳለው አድራሻ ነው። ደርሶ ሲከፈት ከታች 15፣ 16 እና 17 የሚሉትን ሳጥኖች እዩ። የስቴቱ ስም፣ በዚያ ስቴት የተቆጠረው ደሞዝና የተቆረጠው ታክስ ናቸው። ሁለት ስቴት ታክስ የሚጠይቁ ከሆኑ ሁለት የከፊል ዓመት ነዋሪ ፎርም ይሞላል፣ በእያንዳንዱም በዚያ የኖራችሁበት ጊዜ ገቢ ብቻ ይገባል። ታክስ ሠሪ ስትመርጡ «የከፊል ዓመት ነው ወይስ የሙሉ ዓመት?» ብሎ ያልጠየቃችሁን ሰው ተሰናበቱት። አሠሪው ለዕቃ ማጓጓዣ የሰጣችሁ ገንዘብ ካለም እንደ ደሞዝ ይታከሳል፤ የማጓጓዣ ወጪን ከፌዴራል ታክስ መቀነስ ከ2018 ጀምሮ ከወታደርና ከጥቂቶች በቀር ለሌላው ቀርቷል። ለፌዴራሉ ታክስ ቢሮ አድራሻ መቀየሪያው ፎርም 8822 ነው።

401ኬ (በአሠሪ በኩል የሚጠራቀም የጡረታ ገንዘብ) ያላችሁ ሰዎች፣ እዚህ ላይ የሚሸጠው አገልግሎት ሁለት ዓይነት ነው፤ ልዩነቱም ብዙ ገንዘብ ነው። ገንዘቡ ከድሮው ፕላን በቀጥታ ወደ አዲሱ ሲሄድ ምንም አይቆረጥም። ቼኩ በእናንተ ስም ሲወጣ ግን 20 በመቶ ወዲያው ይያዛል። 10,000 ዶላር የነበረው 8,000 ብቻ ይደርሰዋል፣ ታክስና ቅጣት እንዳይመጣበት ከፈለገ በ60 ቀን ውስጥ 10,000 ማስገባት አለበት፣ የጎደለውን 2,000 ከኪሱ አምጥቶ። 59 ዓመት ተኩል ያልሞላው ደግሞ ያላስገባው ላይ በአብዛኛው 10 በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ስልክ ላይ የሚባለው ቃል «ዳይሬክት ሮልኦቨር» ነው፤ ሌላ ቃል አትቀበሉ። ብዙ ፕላኖች በቀጥታ ሲያዛውሩም እንኳ የወረቀት ቼክ አትመው ወደ ቤታችሁ ይልካሉ፦ ተከፋዩ አዲሱ ተቋም፣ ከሥሩ «ኤፍቢኦ» (ለእገሌ ጥቅም) ብሎ የእናንተ ስም። ያ ቼክ የእናንተ ገቢ አይደለም፣ ባንክ አታስገቡት፣ ወደ አዲሱ ፕላን አስተላልፉት። ይህ ቼክ የድሮው ቤት እንዳይሄድ ከመጠየቅ በፊት በፕላኑ ድረ ገጽ ላይ አድራሻ መቀየር ያስፈልጋል። አንዳንዶቹ አድራሻ ከተቀየረ በኋላ ለደህንነት ሲሉ ለጥቂት ቀናት ክፍያ ያግዳሉ፣ ስለዚህ ይህም ቀደም ብሎ ይደረግ። ሂሳቡ ከ7,000 ዶላር በታች ከሆነና ዝም ካላችሁ ፕላኑ ራሱ አስወጥቶ አይአርኤ (በግል የሚያዝ የጡረታ ሂሳብ) ውስጥ ሊያስቀምጠው ይችላል፤ ከ1,000 በታች ከሆነ ቼክ ይልካል። የጠፋ ጡረታ የሚባለው አብዛኛው ከዚህ የሚመጣ ነው።

የጤና ኢንሹራንሱ ላይ ኮብራ (ከሥራ ከለቀቁ በኋላ በድሮው ኢንሹራንስ ራስ ከፍሎ መቀጠል) ስሙ ክፉ ነው፣ ዋጋው እስከ 102 በመቶ የሙሉ ፕሪሚየም ስለሆነ። ግን እንደ መጠባበቂያ ከታየ ጥሩ ነው። 20 እና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ያለው አሠሪ የሚሰጠው ፕላን ላይ የነበረ ሰው ለመምረጥ 60 ቀን አለው፣ ከመረጠ በኋላም ለመጀመሪያው ክፍያ 45 ቀን። ሽፋኑ ወደኋላ ይቆጠራል። አዲሱ አሠሪ እስከ 90 ቀን ሊያስጠብቅ ስለሚችል በዚያ መሀል ምንም ካልደረሰ አትከፍሉም፤ የከፋ ነገር ከደረሰ ወደኋላ ያለውን ከፍላችሁ ትሸፈናላችሁ። እንከኑ ስቴት መቀየሩ ነው፦ የድሮው ፕላን ኤችኤምኦ (በራሱ ሐኪሞች ብቻ የሚያሠራ) ከሆነ በአዲሱ ስቴት ከድንገተኛ ሕክምና በቀር ሐኪም አታገኙም። የማርኬትፕሌስ (በግል ኢንሹራንስ የሚገዛበት የመንግሥት ገበያ) ሽፋን ለሚፈልጉ ሽፋን ከቀረ በኋላ 60 ቀን አለ፤ የድሮው ስቴት ማመልከቻ አይሻገርም፣ እንደ አዲስ ይሞላል። ሜዲኬይድም እንዲሁ፣ የድሮውን ዘግቶ በአዲሱ ማመልከት ነው። በሄልዝ ኤፍኤስኤ (በአሠሪ በኩል ለሕክምና በሚቀመጥ ሂሳብ) የቀረ ገንዘብ ከሥራ ስትለቁ በአብዛኛው ይቀራል፣ መነጽሩን ቀድማችሁ ግዙበት። ኤችኤስኤ (በራስ ስም ያለ የሕክምና ቁጠባ) ግን የራሳችሁ ነው፣ አብሯችሁ ይሄዳል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ እናደርግላችኋለን ብለው የሚሸጡ የአድራሻ ቅየራ ኩባንያዎች ከእጅ አይሻል ዶማ ናቸው። ስማችሁን ለመጽሔትና ለሱቅ ካርድ ሊያስተላልፉ ይችላሉ። ኢሚግሬሽን፣ ዲኤምቪ፣ ጡረታና ታክስ ግን ማንነታችሁን ራሳችሁ እንድታረጋግጡ ስለሚጠይቁ አይነኳቸውም። ለዚያ መክፈል ጉዳት ባይኖረውም ጥቅሙ ትንሽ ነው።

ወደ ፖስታ ቤቱ ስንመለስ፣ ዞሮ በመጣ ፖስታ ላይ የምትለጠፈው ቢጫ ወረቀት ከአገልግሎቱ ሁሉ የምትበልጥ መረጃ ናት። ቢጫ የተለጠፈበት ደብዳቤ በመጣ ቁጥር ላኪው አሁንም የድሮውን አድራሻ ይዟል ማለት ነው። ፖስታውን ሳትጥሉ በዚያው ቀን ላኪው ዘንድ ያለውን አድራሻችሁን ቀይሩ። ስድስተኛው ወር ላይ ቢጫው ካልቀነሰ አንድ ነገር ተረስቷል። 12ኛው ወር ሲያልቅ ማዞሩ ይቆማል፤ ከ13ኛው እስከ 18ኛው ወር አንደኛ ደረጃ ደብዳቤ አዲሱ አድራሻ ተጽፎበት ወደ ላኪው ይመለሳል፣ ከዚያ በኋላ ያም ይቀራል። የሚፈልግ ከፍሎ በ6፣ በ12 ወይም በ18 ወር ማራዘም ይችላል፣ ጥያቄው ግን የመጀመሪያው ዓመት ሳያልቅ መግባት አለበት። በየዓመቱ አንዴ ብቻ የሚጽፉ ላኪዎች አሉ፦ የጡረታ ፕላን፣ የድሮ ስቴት የታክስ ቢሮ፣ የሕይወት ኢንሹራንስ። እነሱን ቢጫው ወረቀት አንዴ ብቻ ነው የሚያጋልጣቸው፣ ለእነሱ ሲባል የስድስት ወሩን ማራዘሚያ መግዛት ያዋጣል።